ብስክሌቱን ማን ሸጠው?

የተማሪዎቹ የሙዚቃ ክሊፕ አልቆ ስክሪኑ ሲጨልም ክፍሉ በጭብጨባ ደመቀ። የሦስተኛ ዓመት ተማሪ የሆነችው ዳይሬክተር እፎይ አለች። መምህሩ ግን ጭብጨባው እስኪያበቃ ጠብቀው ቀረጻው ላይ ወዳልነበሩት ተጋባዥ ተማሪዎች ዞሩና «በሉ እስቲ፣ ታሪኩን ንገሩኝ» አሉ።

«ይዋደዱ ነበር፤ ከዚያ ልጁ ጥሏት ሄደ» አለች ከፊት የተቀመጠች የአካውንቲንግ ተማሪ።

«ኧረ እሷ ናት ጥላው የሄደችው!» አለ ሌላው ከኋላ። «አዲስ አበባ ሀብታም አግኝታ ነው።»

«ያቺ የሐበሻ ቀሚስ የለበሰችውስ? ሚስቱ ናት እንዴ?»

መምህሩ ስለ ብስክሌቱ ሲጠይቋቸው እርስ በርስ ተያዩ። «የቱ ብስክሌት?»

ዳይሬክተሯ የጻፈችው ታሪክ ሌላ ነው። ባሕር ዳር ውስጥ ብስክሌት እየጠገነ የሚኖር አንድ ወጣት ታናሽ እህቱን ያሳድጋል። እህቱ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ስትመደብ ለመሄጃም ለመቋቋሚያም የሚሆን ገንዘብ ይጠፋል። ወንድምየው ያለውን አንድ ብስክሌት ይሸጣል፤ ለእሷ ግን ትንፍሽ አይልም። ዓመታት አልፈው ስትመለስ ያንኑ ብስክሌት የማታውቀው ልጅ ሲነዳው መንገድ ላይ ታያለች። ያኔ ሁሉም ነገር ይገለጥላታል። ዘፈኑ የእህት ምስጋና ነው። የፍቅር ዘፈን አይደለም፣ ሚስት የለችበትም፣ ሀብታምም የለበትም።

የሚገርመው ይህ ሁሉ ተቀርጿል። ወንድም ብስክሌቱን ሲያስረክብ፣ ገዢው ብር ሲቆጥር፣ እህት መንገድ ላይ ደንግጣ ስትቆም፣ ሁሉም በክሊፑ ውስጥ አለ። ችግሩ ባሕር ዳር ባሕር ዳር መሆኗ ነው። ሜዳማ በሆነችው ከተማ ተማሪውም ሠራተኛውም በብስክሌት ይመላለሳል፤ ዘንባባ በተተከለባቸው መንገዶች ላይ የተነሳ ሾት ሁሉ ውስጥ ብስክሌት ያልፋል። በየሾቱ ብስክሌት ካለ ደግሞ የትኛውም ብስክሌት ዓይን አይስብም። አዘጋጆቹ ለይተው የሚያውቁት ያንን ብስክሌት ነው፤ ተመልካቹ ያየው ግን ብስክሌት ብቻ ነው።

ከውጭ የገባ ሰው

የተማሪ ክሊፕ ታሪኩ የማይያዘው ብዙ ጊዜ መረጃ ጎድሎት አይደለም። የሠሩት ሰዎች ከመጠን በላይ ስለሚያውቁ ነው። ስክሪፕቱን ጽፈዋል፣ ተዋናዮቹን መርጠዋል፣ ፀሐይ ላይ ቆመው ቀርጸዋል። ልጁን ባዩት ቁጥር «ወንድሟ» የሚለው ከጭንቅላታቸው ይመጣል፤ ስክሪኑ ላይ ግን ማንም አላለውም። ወጥ ሠሪ እሳት ላይ ስትቆይ ምላሷ ጨውን ይለምዳል፤ ማነሱን የሚነግራት ከውጭ የገባ ሰው ነው።

«አፖካሊፕስ ናው»ን ከሠሩት ኤዲተሮች አንዱ የነበረውና በ«ዘ ኢንግሊሽ ፔሸንት» የኤዲቲንግ ኦስካር የተሸለመው አሜሪካዊው ዋልተር መርች በ1990ዎቹ ባሳተመው መጽሐፍ ይህንኑ ያነሳል። ኤዲተር በተቻለው መጠን ከቀረጻ ቦታ መራቅ አለበት ባይ ነው። ቀረጻው ላይ የዋለ ሰው ከፍሬሙ ውጭ ያለውን ጭምር ያያል፤ የቀኑን ብርድ፣ የተዋናዩን ኩርፊያ፣ ሾቱ የጠየቀውን ድካም። ተመልካቹ ይህን ሁሉ አያይም። የተመልካቹ ወኪል የሆነው ኤዲተርም ባያየው ይሻላል።

የተማሪ ቡድን ግን ሰው ስለማይበቃው ዳይሬክተሩ ራሱ ኤዲተር ይሆናል፣ ካሜራ ያነሳው ድምፅ ይይዛል። በዚህ ክሊፕ ላይም ኤዲተሩ በቀረጻው ዕለት ሪፍሌክተር ይዞ ሲቆም ነው የዋለው። ስለዚህ መምህሩ ያዘዙት የመጀመሪያ ሥራ ኮምፒውተር የሚነካ አልነበረም። «ድምፁን አጥፉና እዩት» አሉ። «እያንዳንዱ ሾት ላይ አቁሙና፣ ይሄን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየ ሰው አሁን ምን ያውቃል? የሚለውን ወረቀት ላይ ጻፉ። ምን ማወቅ ነበረበት አላልኩም። ምን ያውቃል ነው ያልኩት።»

ወረቀቱ ጨካኝ ነበር። ክሊፑ ከተጋመሰ በኋላ እንኳ «ወንድም» የሚለው ቃል የሚጻፍበት ቦታ አልተገኘም።

አንድ ፊት፣ ሦስት ትርጉም

ለኤዲቲንግ ሥራ መሠረት ከጣሉት ሰዎች አንዱ በእጁ በቂ ፊልም አልነበረውም። ከሩሲያ አብዮት በኋላ ሞስኮ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1919 የተከፈተው የፊልም ትምህርት ቤት ከዓለም የመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው። እዚያ ያስተምር የነበረው ወጣቱ ሌቭ ኩሌሾቭ ጥሬ ፊልም እንደ ልብ ስለማይገኝ ተማሪዎቹን «ፊልም የሌለበት ፊልም» ያሠራቸው ነበር፤ ትዕይንቱን መድረክ ላይ በሾት በሾት ከፋፍለው ይተውኑታል።

ስሙ የሚነሳበት ሙከራ ግን ሌላ ነው። የታዋቂውን ተዋናይ የኢቫን ሞዥዡኪንን ስሜት የማይታይበት ፊት ወስዶ በመጀመሪያ ከአንድ ሳህን ሾርባ፣ ቀጥሎ ከሬሳ ሣጥን፣ ከዚያም ከአንዲት ሴት ጋር ቀጠለው። ፊቱ ያው አንዱ ሾት ነው። ተመልካቹ ግን በመጀመሪያው ረሃብን፣ በሁለተኛው ሐዘንን፣ በሦስተኛው ምኞትን አየሁ አለ፤ ተዋናዩንም አደነቀ። የሙከራው ፊልም ዛሬ የለም፤ ታሪኩ የደረሰን በራሱ በኩሌሾቭና በተማሪው በፑዶቭኪን ጽሑፎች ነው። ትምህርቱ ግን አላረጀም፤ ሾት ትርጉሙን የሚያገኘው ከጎረቤቱ ነው።

ይህ ለባሕር ዳሩ ክሊፕ ምን ማለት እንደሆነ ኤዲተሩ ታይምላይኑን ሲመልስ ወዲያው ታየው። እህት መንገድ ላይ ደንግጣ የቆመችበት ክሎዝ አፕ ጥሩ ነው፤ ልጅቷም በደንብ ተውናዋለች። ነገር ግን ከፊቱ የነበረው ሾት ወንድምየው ከአንዲት ደንበኛ ጋር ሲሳሳቅ የሚያሳይ ነበር። ሁለቱ ሲገናኙ የሚሰጡት ትርጉም አንድ ነው፤ ቅናት። ኤዲተሩ የደንበኛዋን ሾት አውጥቶ በቦታው ብስክሌቱን የሚነዳውን ልጅ አስገባ። ያው ፊት አሁን የሚያስታውስ ሰው ፊት ሆነ። አዲስ ቀረጻ አላስፈለገም።

የሐይቁ ዳር ሾት

ከባዱ ውሳኔ የመጣው በዚህ መሐል ነው። በመጀመሪያው ቅንብር ወንድምና እህት ጣና ዳር ፀሐይ ስትጠልቅ በስሎው ሞሽን ጎን ለጎን ይራመዳሉ፤ ቀጥሎ ጀልባ ላይ ይታያሉ። ከክሊፑ ሁሉ የሚያምረው ይህ ነው። ተመልካቹን ያሳተውም ይኸው ሾት ነው።

ምክንያቱን ለማግኘት የአገራችንን ክሊፕ አመጣጥ ማየት ይበቃል። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን እ.ኤ.አ. በ1964 ሥርጭት ከጀመረ በኋላ ለረጅም ጊዜ ዘፋኝ የሚታየው ስቱዲዮ ውስጥ ከባንዱ ፊት ቆሞ ነበር። በኋላ ካሴቱን ቪሲዲ ሲተካው ክሊፑ ከስቱዲዮ ወጥቶ ሐይቅ ዳር፣ ፏፏቴ ሥርና አበባ መሐል ገባ። በእነዚያ ዓመታት ተመልካቹ አንድ ሰዋስው ተማረ፤ ወንድና ሴት፣ ውሃ፣ የምትጠልቅ ፀሐይና ዝግ ያለ እርምጃ ከተገናኙ ነገሩ ፍቅር ነው። ዛሬ ክሊፕ በዩቲዩብ ቢወጣም ያ ሰዋስው አልተረሳም። ዳይሬክተሯ ለወንድምና እህት ታሪክ የፍቅረኛሞችን ሥዕል ተጠቀመች፤ ተመልካቹም የለመደውን አነበበ።

«መምህር፣ ለዚያ ሾት እኮ ጀልባ ተከራይተናል» አለች። «ፀሐይዋንም ስንት ጠብቀን ነው ያገኘናት።»

«አውቃለሁ፤ ያምራል። ተመልካቹ ግን የጀልባውን ኪራይ አያውቅም» አሏት።

እዚህ ላይ የመርች ሌላ ሐሳብ ያግዛል። አንድን ካት ለመመዘን ስድስት መስፈርት አስቀምጦ ለእያንዳንዱ ክብደት ሰጥቷል። ስሜት 51 ከመቶ፣ ታሪክ 23፣ ምት 10፤ የተመልካች ዓይን ስክሪኑ ላይ የሚያርፍበት ቦታ 7፣ የምስሉ ጠፍጣፋ አቀማመጥ 5፣ የተዋናዮች የቦታ ተከታታይነት 4። ጀማሪ ኤዲተር የመጨረሻዎቹን ሦስት ያሳድዳል፤ እጁ ግራ ነበር ቀኝ፣ ብርጭቆው ሙሉ ነበር ጎዶሎ እያለ ይጨነቃል። ውበት ደግሞ በዝርዝሩ ውስጥ ራሱን ችሎ አልተጻፈም። የሐይቁ ሾት ስሜት አለው፤ ግን የዚህ ታሪክ ስሜት አይደለም። ወጣ።

በምትኩ የገባው ማንም ያልፈለገው ሾት ነው። ካሜራዋ የቤቱን ግድግዳ ቀስ ብላ ስትቃኝ የቀረጸችው፣ በጣም ስለዘገየ የተጣለ ሾት ነበር። መሐሉ ላይ በፍሬም የተሰቀለ ፎቶ ያልፋል፤ እናት ተቀምጣለች፣ ሁለት ልጆች ግራና ቀኟ ቆመዋል። ኤዲተሩ ፎቶው የሚታይበትን ቁራጭ ብቻ ቆርጦ የታሪኩ መጀመሪያ ላይ አስገባው፤ ቀጥሎ ወንድም የእህቱን ደብተር ሲሸፍንላት፣ ከዚያም ካላማዳሪ ሲለጥፍ አጠገቡ ተቀምጣ ስታጠና። ሦስት ሾት፣ ጥቂት ሰከንድ። «ወንድሟ ነው» የሚል ጽሑፍ ሳይለጠፍ ነገሩ አለቀ።

ቀዩ ጨርቅ

ብስክሌቱን ከሌላው ብስክሌት መለየት ቀረ። የተቀረጸውን ሁሉ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ማየት አሰልቺ ቢሆንም የኤዲተር ሥራ ግማሹ እሱ ነው። መብራት በሄደ ቁጥር እየተቋረጠ፣ ከባዱን ፋይል ላፕቶፑ ስለማይችለው በተቀነሰ ቅጂ እየታየ ቀጠለ። በአንድ ፋይል መጨረሻ ላይ፣ «ካት» ከተባለ በኋላ ካሜራዋ ሳትጠፋ በቆየችባቸው ሰከንዶች ውስጥ እህትን የምትጫወተው ልጅ ዝም ብላ ቀይ ጨርቅ በብስክሌቱ መሪ ላይ ስታስር ተገኘች። ማንም አላዘዛትም። ጨርቁ ግን በቀረጻው ሁሉ እንደታሰረ ቆይቷል፤ ሲሸጥም አለ፣ ልጁ ሲነዳውም አለ።

ከዚያ በኋላ ታሪኩ ሦስት ችንካር አገኘ። በመጀመሪያው ስንኝ እህት ጨርቁን ታስራለች። መሐል ላይ የወንድም እጅ መሪውን ሲለቅ፣ የገዢው እጅ ሲይዘው፣ ጨርቁ በሁለቱ መካከል ይታያል። መጨረሻ ላይ እህት የምታየው ከልጁ ፊት በፊት ጨርቁን ነው። በአንዴ ያለፈ ነገር አይያዝም፤ ሁለቴ የታየ ይታወሳል፤ ሦስተኛው ላይ ተመልካቹ ራሱ ይደርስበታል።

የሽያጩ ትዕይንት የተቀመጠበት ቦታም ተለወጠ። በመጀመሪያው ቅንብር ከሁለተኛው ስንኝ ጋር፣ ዘፋኟ ግጥሙን በምታወርድበት ሰዓት ነበር የሚታየው። አማርኛ የሚያውቅ አድማጭ ግጥም ሲሰማ ጆሮው ወደ ቃሉ ያዘነብላል፤ ቤት እስኪመታ ይጠብቃል። ዓይኑ ከፊል ሥራ ፈት ነው። ሽያጩ ወደ መሣሪያው ክፍል፣ ክራሩ ብቻውን ወደሚጫወትበት ተዛወረ። ቃል ሲያርፍ ዓይን ይሠራል።

የሐበሻ ቀሚስ የለበሰችዋም ጉዳይ በዚሁ መንገድ ተፈታ። እሷ ዘፋኟ ናት፤ ባለታሪክ አይደለችም። ነገር ግን ለመጀመሪያ ጊዜ የምትታየው ታሪኩ ከተጀመረ በኋላ፣ ወንድምየው ከሱቁ ቀና ካለበት ሾት ቀጥሎ ነበር፤ እሱ የሚያያት መሰለ። አሁን ክሊፑ በእሷና በክራር ተጫዋቹ ይከፈታል። አዝማቹ በተመለሰ ቁጥር ወደ እሷ እንመለሳለን፤ ስንኙ የታሪኩ ነው። ተመልካቹ ደንቡን ከመጀመሪያው አዝማች ጀምሮ ይይዘዋል።

አውቶቡሱ ወዴት ይሄዳል?

አንዳንድ ግራ መጋባት ደግሞ ከታሪክ ሳይሆን ከአቅጣጫ ይመጣል። እህት ስትሄድ አውቶቡሱ ከስክሪኑ ግራ ወደ ቀኝ ይጓዛል። ስትመለስም ከግራ ወደ ቀኝ ነው፤ ካሜራ ያነሳው ልጅ ሁለቱንም ከአንድ የመንገድ ዳር ሆኖ ነበር የቀረጸው። ተመልካቹ መመለሷን አላወቀም፤ እንደገና የሄደች መሰለው። ስክሪን ላይ የሄደ ሰው በሄደበት በኩል ነው የሚመለሰው።

ኤዲተሩ ቀላሉን መንገድ ሞከረ፤ ምስሉን በአንድ ቁልፍ ገለበጠው። አውቶቡሱ አቅጣጫውን ለወጠ፤ ጎኑ ላይ የተጻፈው አማርኛም አብሮ ተገለበጠ። ሹፌሩ በቀኝ በኩል ተቀመጠ፤ መኪናው ሁሉ በግራ መንገድ መጓዝ ጀመረ። ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። በመጨረሻ ያዋጣው ፊት ለፊት ወደ ካሜራው የሚመጣ የአውቶቡስ ሾት ነው። ወደ ግራም ወደ ቀኝም ስለማይሄድ የቀደመውን አቅጣጫ ይሰርዘዋል፤ ከእሱ ቀጥሎ እህት በየትኛውም በኩል ብትወርድ መጣች ይባላል።

የጊዜውም ነገር እንዲሁ። የመጀመሪያው ቅንብር የሚጀምረው ከመመለሷ ነበር፤ ያለፈው ዘመን ደግሞ በጥቁርና ነጭ ይታያል። ሐሳቡ መጥፎ አይደለም፤ ግን ክሊፑ አራት ደቂቃ ገደማ ነው፤ ተመልካቹ ሰዎቹን ሳያውቅ ትዝታቸውን እንዲሸከም ተጠየቀ። ቅደም ተከተሉ ወደ ተፈጥሮው ተመለሰ፤ ቀለሙም አንድ ሆነ።

ምቱን ማሳደድ

ተማሪ ኤዲተር የሙዚቃ ክሊፕ ሲሰጠው በመጀመሪያ የሚያደርገው በየምቱ መቁረጥ ነው። ሒሳቡ ራሱ ይጋብዛል። በሰከንድ 25 ፍሬም በሚሄድ ቪዲዮ ላይ በደቂቃ 100 ምት ያለው ዘፈን እያንዳንዱ ምት በትክክል 15 ፍሬም ነው። ችክችካ ሲሆን ምቱ ለሦስት ይከፈላል፤ አምስት አምስት ፍሬም ይደርሳል። ዘፈኑ 120 ቢሆን ግን ምቱ 12 ፍሬም ተኩል ነው፤ ግማሽ ፍሬም ስለሌለ አንዱ ካት በ12፣ ሌላው በ13 ይወድቃል። ልዩነቱን ዓይን አይለየውም።

ዓይን የሚለየው ሌላ ነገር ነው። ካት ሁሉ ምት ላይ ከወደቀ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ተመልካቹ የሚመጣውን ያውቀዋል፤ ምስሉ ከበሮን የሚከተል ጭብጨባ ይሆናል። የባሕር ዳሩ ክሊፕ በመጀመሪያ የተቆረጠው እንዲህ ነበር። ገዢው ብር የሚቆጥርበት ሾት ከአንድ ሰከንድ ያነሰው ምቱ ስላለቀ ብቻ ነው፤ ሰው ብር መሆኑን እንኳ ሳያውቅ አለፈ። በአዲሱ ቅንብር አዝማቹ ላይ ካቱ ምቱን ይከተላል፤ ስንኙ ላይ ደግሞ ድርጊቱን። እጁ መሪውን እስኪለቅ ድረስ ሾቱ ይቆያል፤ ምት ቢያልፍም ያልፋል።

ግልጽ የሆነና የተተወ

የታረመው ክሊፕ ለሌሎች እንግዳ ተማሪዎች ሲታይ መምህሩ ጥያቄያቸውን ሦስት አደረጉት። ማነው? ምን ፈለገ? ምን ከፈለ? መልሱ ያለ ክርክር መጣ፤ ወንድሟ ነው፣ እንድትማር ፈለገ፣ ብስክሌቱን ከፈለ። ክርክሩ የተነሳው ከዚያ በኋላ ነው። ክሊፑ የሚያበቃው እህት ልጁን አስቁማ አፏን ስትከፍት ነውና፣ ምን ልትለው ነው? መልሳ ልትገዛው ነው ያለ አለ። «ወንድሟ ደብቋት ከኖረ ማወቋን ልታሳየው አይገባም» ያለችም ነበረች። ኤዲተሩ ይህን ሲሰማ ሾቱን ማራዘም አለብን ወይ ብሎ ጠየቀ። ዳይሬክተሯ ናት እምቢ ያለችው፤ ልክ ነበረች።

ምክንያቱም ግልጽነት ሁሉን መናገር አይደለም። የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» እ.ኤ.አ. በ2008 በቬኒስ የዳኞች ልዩ ሽልማት፣ በቀጣዩ ዓመት ደግሞ በአፍሪካው የፊልም ፌስቲቫል በፌስፓኮ ታላቁን ሽልማት ያገኘ ፊልም ነው። ዘመኑን በቅደም ተከተል አይተርክም፤ ከጎንደር ገጠር ወደ ጀርመን፣ ከጀርመን ወደ ደርግ አዲስ አበባ ይመላለሳል። ተመልካቹ ግን አይጠፋም፤ መንደሩ የተመለሰው ባለታሪኩ አንበርብር ያነክሳል፣ የቀድሞው አንበርብር በሁለት እግሩ ይራመዳል። አካሉ ራሱ ዘመኑን ይነግረናል። እግሩን እንዴት እንዳጣ ግን ፊልሙ ለረጅም ጊዜ ይደብቀናል፤ እኛም እሱን ለማወቅ እንቀመጣለን። የት እንዳለ የሚያውቅ ተመልካች ምን እንደሚመጣ ባያውቅ ግድ የለውም። የት እንዳለ ካላወቀ ግን ምሥጢሩን ምሥጢር ብሎ አይቆጥረውም፤ ሰልችቶት ስልኩን ያወጣል።

ቡድኑ አሁን ለሚቀጥለው ክሊፕ እየተዘጋጀ ነው። የሾት ዝርዝራቸው ላይ ከሾት ቁጥር፣ ከቦታና ከሌንስ ቀጥሎ አንድ አዲስ ዓምድ ገብቷል፤ «ተመልካቹ እዚህ ላይ ምን ያውቃል?» የሚል። ኤዲተሩ ስክሪፕቱን ካነበበ በኋላ ቀረጻው ላይ እንዳይገኝ ተወስኗል፤ ሪፍሌክተር የሚይዝ ሌላ ሰው እየተፈለገ ነው። ከቀረጻው ቀን አንድ ሙሉ ሰዓት ለእጅ፣ ለዕቃና ለግድግዳ ፎቶ ክሎዝ አፕ ተመድቧል። ገንዘብ ከተረፈ ደግሞ ለጀልባ ይሆናል።